ታዳጊዎችን ወደ ዱር መላክ ያድናል? የአሜሪካው «የዱር ሕክምና» እና ማስረጃው

በአሜሪካ «ዊልደርነስ ቴራፒ» በሚል ስም የሚታወቀው፣ በዚህ ጽሑፍ የዱር ሕክምና የምንለው አገልግሎት፣ ወላጆች የምክር አገልግሎቱን፣ የትምህርት ቤቱን ቅጣትና መድኃኒቱን ሁሉ ሞክረው ሲያበቁ በመጨረሻ የሚደርሱበት በር ነው። አንድ ታዳጊ ትምህርት ቤት አልሄድም ሲል፣ ወይም በአደንዛዥ ዕፅ ሲያዝ፣ ወይም በድባቴ ተውጦ ራሱን መጉዳት ሲጀምር፣ ከቤቱ፣ ከስልኩና ከጓደኞቹ ተለይቶ ከስምንት እስከ 12 ሳምንት በዩታ በረሃ ወይም በሰሜን ካሮላይና ተራራማ ደን ውስጥ፣ ከማያውቃቸው እኩዮቹ ጋር ጓዙን ተሸክሞ እየተጓዘና በሸራ ሥር እያደረ እንዲቆይ ይደረጋል። ዋጋው በቀን ከ500 እስከ 700 ዶላር ገደማ ስለሚደርስ አንድ ቆይታ ከ40,000 ዶላር ማለፉ የተለመደ ነው። የጤና መድን ድርጅቶች አብዛኛውን ጊዜ ይህን ወጪ ስለማይሸፍኑም ቤታቸውን አስይዘው የሚበደሩ፣ ወይም ለልጁ ዩኒቨርሲቲ ያጠራቀሙትን ገንዘብ የሚያወጡ ወላጆች አሉ።

ይህን ያህል ለሚያስከፍል ነገር «ይጠቅማል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ግልጽ መልስ ሊኖረው ይገባ ነበር። መልሱ የተድበሰበሰው ጥናት ስለጠፋ ሳይሆን በአንዱ ጥያቄ ውስጥ ሦስት ጥያቄዎች ስለተደባለቁ ነው። ልጁ ሲገባ ከነበረበት ሁኔታ ሲወጣ ተሽሎታል ወይ? ከተሻለውስ ያሻለው ዱሩ ነው ወይ? ዱሩም ቢሆን፣ ያው ለውጥ ልጁ በግድ ሳይወሰድና ከቤተሰቡ ሳይቆራረጥ ሊመጣ አይችልም ነበር ወይ? ለመጀመሪያው ያለን መልስ በአመዛኙ «አዎ» ነው። በሁለተኛው ላይ ያለው ማስረጃ ስስ ነው። ሦስተኛውን ደግሞ አገልግሎቱን የሚሸጡት ድርጅቶች ለረጅም ዓመታት ሳይጠይቁት ኖረዋል።

በቅድሚያ ውሎው ምን እንደሚመስል ማወቅ ያስፈልጋል። ታዳጊዎቹ በአነስተኛ ቡድን ይመደባሉ፤ ሲደርሱ የራሳቸው ልብስና ስልክ ተወስዶ የድርጅቱ ልብስ፣ የመኝታ ከረጢትና የዝናብ መከላከያ ሸራ ይሰጣቸዋል። ቀኑ በእግር ጉዞ፣ እንጨት በመልቀም፣ ውኃ በማጣራትና ምግብ በማብሰል ያልፋል። ብዙዎቹ ድርጅቶች ክብሪት ስለማይሰጡ ልጁ ትኩስ ምግብ ለመብላት እንጨትን ከእንጨት እያፋተገ እሳት ማውጣት መማር አለበት። በመካከሉ ለጥቂት ቀናት ብቻውን የሚያድርበት ጊዜም ይኖራል። ከልጆቹ ጋር ቀንና ሌሊት የሚኖሩት በአብዛኛው በሃያዎቹ ዕድሜ የሚገኙና አጭር ሥልጠና የወሰዱ ወጣት ሠራተኞች ናቸው፤ ፈቃድ ያለው የሥነ ልቦና ባለሙያ የሚመጣው በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ነው። ከቤተሰብ ጋር ያለው ግንኙነት በድርጅቱ በኩል በሚያልፍ ደብዳቤ የተወሰነ ሲሆን፣ ከመጀመሪያዎቹ ደብዳቤዎች አንዱ ወላጆች የልጁ ጠባይ ምን ያህል እንደጎዳቸው በዝርዝር የሚጽፉበት ነው። ልጁ ይህን ደብዳቤ በቡድኑ ፊት ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲያነብ መጠየቁ በዘርፉ የተለመደ አሠራር ነው።

ከዚህ ሁሉ ጀርባ ያለው ሐሳብ ሞኝነት አይደለም። ሸራውን በሚገባ ያልወጠረ ልጅ ሌሊት ዝናብ ያርሰዋል፤ የሚከራከረው አባት፣ የሚሰድበው አስተማሪ በቦታው የለም። ቅጣቱ ከሰው ሳይሆን ከተግባሩ ስለሚመጣ እልህ የሚያጋባ ነገር አይኖርም፤ እሳቱን ያነደደ ዕለት ደግሞ ማንም ሊነጥቀው የማይችል የራሱ ስኬት ይኖረዋል። የዚህ አስተሳሰብ አባት ተደርገው የሚቆጠሩት ከናዚ ጀርመን ተሰደው ብሪታንያ የገቡት አስተማሪ ኩርት ሃን ናቸው። ሃን እ.ኤ.አ. በ1941 (ከዚህ በኋላም ያሉት ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በዌልስ አበርዶቪ በተባለች የባሕር ዳርቻ ከተማ «አውትዋርድ ባውንድ» የተባለውን ትምህርት ቤት ሲመሠርቱ፣ ዓላማቸው ወጣት መርከበኞች መከራን የመቋቋም ጽናት እንዲያዳብሩ ማድረግ ነበር። ሐሳቡ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ኮሎራዶ ደረሰ። በዚያው አሥር ዓመት መገባደጃ ላይ ደግሞ ላሪ ዲን ኦልሰን የተባሉ የጥንት አኗኗር ዘዴ አዋቂ፣ በዩታ በሚገኘው ብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲ በትምህርታቸው የወደቁ ተማሪዎችን ይዘው ወደ በረሃ መውጣት ጀመሩ። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። የሃን መርከበኞችም ሆኑ የኦልሰን ተማሪዎች በሽተኞች አልነበሩም፤ ሌሊት ከአልጋቸው ተነሥተው የተወሰዱም አልነበሩም። በ1980ዎቹ ያው አሠራር ለታመሙና እንቢ ላሉ ታዳጊዎች ሕክምና ተብሎ መሸጥ ሲጀምር ፈቃደኝነቱ ቀርቶ መከራው ብቻ ተወረሰ።

ውጤቱም ፈጥኖ ታየ። በ1990 በሳምንታት ልዩነት የ15 እና የ16 ዓመት ልጃገረዶች በዩታና በአሪዞና አካባቢ በሚንቀሳቀሱ ሁለት ፕሮግራሞች ውስጥ በሙቀትና በውኃ ጥም ሞቱ። በ1994 በደቡባዊ ዩታ አንድ የ16 ዓመት ልጅ ሆዱን እንደሚያመው ለቀናት እየተናገረ ሰውነቱ መንምኖ ሞተ፤ የሞቱ መንስኤ የተበሳ የአንጀት ቁስል መሆኑ በምርመራ ሲረጋገጥ፣ ሠራተኞቹ ሲያስመስል ነው ብለው እንደነበር ታወቀ። ይህ ሁሉ ተጠቃሎ በመንግሥት ደረጃ የቀረበው በጥቅምት 2007 ነው። የአሜሪካ ኮንግረስ የምርመራ ክንድ የሆነው የመንግሥት ተጠያቂነት ቢሮ፣ ከ1990 እስከ 2004 በእነዚህና በተመሳሳይ የታዳጊ ማረሚያ ፕሮግራሞች ከደረሱት ሞቶች አሥሩን መርምሮ፣ ያልሠለጠነ ሠራተኛ፣ በቂ ያልሆነ ምግብና «እያስመሰለ ነው» የሚል አመለካከት ተደጋግመው እንደሚገኙ ለምክር ቤቱ አስረዳ። በዚያው ሪፖርት በ2005 ብቻ 33 ክፍለ ግዛቶች በታዳጊዎች መኖሪያ ተቋማት በተፈጸሙ የጥቃት ድርጊቶች 1,619 ሠራተኞች ተሳታፊ እንደነበሩ አሳውቀዋል። ቁጥሩ የዱር ፕሮግራሞችን ብቻ የሚመለከት እንዳልሆነ መታወቅ አለበት፤ ይሁን እንጂ ዘርፉ በፌዴራል ደረጃ የሚጠብቀው ሕግ እንዳልነበረው በግልጽ አሳይቷል።

ልጁ ወደዚያ የሚደርስበት መንገድ ራሱ የሕክምናው አካል በመሆኑ ተለይቶ መታየት አለበት። አብዛኛውን ጊዜ ወላጁ መጀመሪያ የሚያገኘው «የትምህርት አማካሪ» የሚባል የግል ባለሙያ ነው፤ አማካሪውም በብዙ ሺህ ዶላር ክፍያ ለልጁ የሚስማማውን ፕሮግራም ይመርጣል። ልጁ በፈቃዱ እንደማይሄድ ከታሰበ፣ ሌላ ብዙ ሺህ ዶላር የሚያስከፍሉ አጓጓዦች ይቀጠራሉ። ከንጋት በፊት ሁለት ጠንካራ ሰዎች ልጁ መኝታ ክፍል ገብተው ይቀሰቅሱታል፤ ወላጆቹም እንደሚወዱት ነግረውት ከክፍሉ ይወጣሉ። ይህ በሕግ የሚቻል የሆነው አካለ መጠን ባልደረሰ ልጅ ላይ የወላጅ ሥልጣን ሰፊ በመሆኑ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1979 ፓረም እና ጄ.አር. በተባለው ጉዳይ ላይ ወላጅ ልጁን ያለ ፍርድ ቤት ክርክር ወደ አእምሮ ሆስፒታል ሊያስገባ እንደሚችል ወስኗል፤ ነገር ግን በዚያው ውሳኔ ገለልተኛ የሆነ መርማሪ፣ ለምሳሌ ሐኪም፣ ልጁ በእርግጥ መግባት የሚያስፈልገው መሆኑን እንዲያረጋግጥ ጠይቋል። በብዙ የዱር ፕሮግራሞች ዘንድ ግን ጉዳዩ የሚያልቀው በወላጁ ፊርማ ነው።

አሁን ወደ ማስረጃው እንምጣ። ደጋፊዎች የሚጠቅሱትን በቅንነት ማስቀመጥ ተገቢ ነው። ኪት ራስል የተባሉ ተመራማሪ በ2003 ባሳተሙት ጥናት በተለያዩ ድርጅቶች የቆዩ 523 ታዳጊዎችን ሁኔታ በመጠይቅ ለክተው፣ ሲገቡ የነበረው ችግር ሲወጡ በጉልህ መቀነሱንና ከዓመት በኋላ ክትትል በተደረገላቸውም ላይ ለውጡ እንዳልጠፋ ዘግበዋል። ቦወንና ኒል የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ2013 በጀብዱና በተፈጥሮ ላይ ስለተመሠረቱ ሕክምናዎች የተሠሩ 197 ጥናቶችን አንድ ላይ ሲገመግሙ መካከለኛ መጠን ያለው መሻሻል አግኝተዋል። በ2016 ደግሞ ጆአና ቤትማንና ባልደረቦቻቸው ወላጆች ከኪሳቸው በሚከፍሉባቸው ፕሮግራሞች ላይ የተሠሩ፣ በጠቅላላው 2,399 ታዳጊዎችን ያካተቱ 36 ጥናቶችን ገምግመው፣ በራስ መተማመን፣ በጠባይና ከሰው ጋር ባለ ግንኙነት ረገድ በስታቲስቲክስ መለኪያ ከግማሽ ነጥብ ጀምሮ የሚቆጠር ለውጥ እንዳለ አስታውቀዋል። ግማሽ ነጥብ ማለት በተራ አነጋገር፣ በመጨረሻው ቀን መካከለኛ ደረጃ ላይ ያለው ታዳጊ በመግቢያው ቀን ከነበሩት 100 ታዳጊዎች ከ69ኙ በተሻለ ሁኔታ ላይ ይገኛል እንደማለት ነው። ይህ የሚናቅ ለውጥ አይደለም፤ ብዙ የታወቁ የንግግር ሕክምናዎችም ከዚህ ብዙ የበለጠ አያስመዘግቡም።

ችግሩ ያለው እነዚህ ጥናቶች በአብዛኛው የሚያነጻጽሩት ያንኑ ልጅ ከገባበት ቀን ጋር መሆኑ ላይ ነው። ወላጅ ልጁን ወደ ዱር የሚልከው በየትኛውም ሳምንት ሳይሆን ነገሩ ከፍቶ ጫፍ በደረሰበት ሳምንት ነው፤ ጫፍ የደረሰ ነገር ደግሞ ምንም ባይደረግበት እንኳ ብዙ ጊዜ በመጠኑ ይረግባል። ምች የመታው ሰው ዳማከሴ የሚጠጣው ሕመሙ በበረታበት ሰዓት በመሆኑ በማግስቱ ሲሻለው ምስጋናው ሁሉ ለዳማከሴው ይሆናል፤ ባይጠጣ ኖሮ ይሻለው እንደነበር ሊነግረን የሚችል ሌላ ምች የመታውና ያልጠጣ ሰው ያስፈልገን ነበር። በምርምር ቋንቋ ይህ ሁለተኛ ሰው ማነጻጸሪያ ቡድን ይባላል። ታዳጊዎቹ ደግሞ ወደ አንዱ ወይም ወደ ሌላው ቡድን በዕጣ መመደብ አለባቸው፤ አለበለዚያ 40,000 ዶላር መክፈል የሚችል ቤተሰብ ልጅና መክፈል የማይችል ቤተሰብ ልጅ እየተነጻጸሩ፣ ልዩነቱ የሕክምናው ይሁን የኑሮው ለመለየት አይቻልም። ለፍትሕ ያህል፣ ቦወንና ኒል ከሌሎች ቡድኖች ጋር ባነጻጸሩበት ቦታ ሌሎቹ ያሳዩት ለውጥ ከዱር ተጓዦቹ በጣም ያነሰ ነበር። ነገር ግን የእነርሱ ግምገማ ከሰዓታት የገመድ ላይ ጨዋታ ጀምሮ እስከ ረጅም ጉዞ ያለውን ሁሉ በአንድ ከረጢት የከተተ ነው። ከአሜሪካዎቹ የግል ድርጅቶች መካከል ታዳጊዎችን በዕጣ መድቦ የተፈተሸ አለ ለማለት የሚያስደፍር ጠንካራ ጥናት የለም። ምርምሩን ለዓመታት ሲያካሂዱ ከቆዩት ብዙዎቹም ከዘርፉ ድርጅቶች ኅብረት ጋር አብረው የሠሩ ናቸው። ይህ ውጤታቸውን ሐሰት አያደርገውም፤ ከሌላ ወገን በሆነ ሰው ሊፈተሽ እንደሚገባው ግን ያስታውሳል።

መለኪያው ራሱም ጥያቄ ያስነሣል። ልጁ መጠይቁን የሚሞላው መቼ እንደሚወጣ በሚወስኑት ሰዎች እጅ ሳለ ነው፤ «አሁን ተለውጫለሁ» የሚለው መልስ ወደ ቤት የሚያቀርበው መሆኑን የማይገነዘብ የ16 ዓመት ልጅ የለም። ወላጁም በበኩሉ ጥሪቱን ካፈሰሰ በኋላ ምንም አልተገኘም ብሎ ለመጻፍ ይከብደዋል። ከዚህም ሌላ ለሁለት ወር ከዕፅ የራቀ፣ ስልክ ያልነካ፣ በጊዜ የተኛና በየቀኑ ኪሎ ሜትሮችን የተጓዘ ታዳጊ ሁሉ፣ የትም ቢሆን፣ ፊቱ መለወጡ የሚጠበቅ ነው። ያ ለውጥ ወደ ድሮው ሰፈርና ወደ ድሮው ክፍል ሲመለስ ይዘልቃል ወይ የሚለው ነው ዋናው ጉዳይ፤ እዚህ ላይ ደግሞ ብዙ ወላጆች አስቀድመው የማይነገራቸው ነገር አለ። ከዱር ከሚወጡት ታዳጊዎች ብዙዎቹ በቀጥታ ወደ ቤታቸው አይመለሱም። በፕሮግራሙ ባለሙያ ምክር፣ ዓመትና ከዚያ በላይ ወደሚያቆይ የሕክምና አዳሪ ትምህርት ቤት ይዛወራሉ። ስለዚህ «ከዓመት በኋላ ውጤቱ ጸንቷል» ሲባል፣ የጸናው ውጤት የሁለት ወሩ ዱር ይሁን ከዚያ በኋላ የተከፈለበት ረጅም ቆይታ፣ ወይም ልጁ አንድ ዓመት መብሰሉ ብቻ ይሁን፣ ለይቶ ማወቅ አስቸጋሪ ነው።

የተሻለ ንጽጽር የተደረገው በሕግ ጥፋተኛ በተባሉ ወጣቶች ላይ ነው። ዊልሰንና ሊፕሲ በ2000 ከ3,000 በላይ ወጣቶችን የሚመለከቱ 28 ጥናቶችን ሲመረምሩ፣ በዱር ፈተና ፕሮግራም ካለፉት 100 ወጣቶች 29ኙ እንደገና ጥፋት ሲፈጽሙ፣ ካላለፉት ደግሞ 37ቱ ፈጽመዋል። ከመቶ የስምንት ልጅ ልዩነት ለአንድ የፍርድ ቤት ሥርዓት ትልቅ ነገር ሊሆን ይችላል፤ ለአንድ ወላጅ ግን በማስታወቂያ ላይ ከሚነበበው ፈውስ በጣም የራቀ ነው። እኔ ከዚህ ጥናት ይበልጥ ጠቃሚ ሆኖ ያገኘሁት ሌላ ግኝት ነው፤ የተሻለ ውጤት የታየባቸው ብርቱ አካላዊ እንቅስቃሴና እውነተኛ የምክር ሕክምና የተጣመሩባቸው ፕሮግራሞች ሲሆኑ፣ ቆይታውን ማራዘም ግን ውጤቱን አላሻሻለም። በቀን የሚያስከፍል ድርጅት ይህን ግኝት በግድግዳው ላይ የሚሰቅልበት ምክንያት የለውም።

የታወከ ልጅን ከሌሎች የታወኩ ልጆች ጋር ማኖር የራሱ አደጋ እንዳለውም ከድሮ ጀምሮ ይታወቃል። በማሳቹሴትስ ካምብሪጅና ሰመርቪል በተባሉ ከተሞች በ1939 የተጀመረ አንድ ጥናት 506 ወንዶች ልጆችን ጥንድ ጥንድ አድርጎ፣ ከየጥንዱ ለአንዱ ምክር፣ የትምህርት ድጋፍና የበጋ ካምፕ ሲሰጥ ሌላውን እንዲሁ ተወው። ጆአን ማኮርድ የተባሉ ምሁር ከሠላሳ ዓመት በኋላ ሁለቱንም ቡድኖች ፈልገው ሲያገኟቸው፣ የተረዱት ልጆች በብዙ መመዘኛ ካልተረዱት የባሰ ሕይወት ገጥሟቸው ነበር። በኋላ በተደረገ ትንተና ጉዳቱ ጎልቶ የታየው ከአንድ ጊዜ በላይ ወደ በጋ ካምፕ በተላኩት ላይ ሆነ። ቶማስ ዲሺየንና ማኮርድ ራሳቸው በ1999 ለዚህ የሰጡት ማብራሪያ፣ ታዳጊዎች በቡድን ሲሆኑ ስለ ጥፋታቸው ሲያወሩ እርስ በርስ በሳቅና በአድናቆት ስለሚሸላለሙ ጥፋቱ ይጠናከራል የሚል ነው። በድባቴ ምክንያት ራስዋን ያገለለች የ14 ዓመት ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ዕፅ ዓይነቶች በዝርዝር የምትሰማው ለማገገም በተላከችበት ቡድን ውስጥ ሊሆን ይችላል።

በእነዚህ ፕሮግራሞች ያለፉ ሰዎች ምስክርነት የተከፋፈለ ነው፤ አንዱን ወገን ብቻ ማዳመጥም ተገቢ አይደለም። ከሞት አትርፎኛል የሚሉ አሉ፤ በተለይ ራሳቸው ተስማምተው የሄዱና ጥሩ ባለሙያ የገጠማቸው። ጎልማሳ ከሆኑ በኋላም ሌሊት በር ሲንኳኳ የሚደነግጡ፣ ወላጆቻቸውን ዳግመኛ ማመን ያልቻሉም አሉ። በ2018 የታተመ አንድ ጥናት በአጓጓዦች የተወሰዱና በፈቃዳቸው የሄዱ ታዳጊዎች በመጠይቁ ላይ ተመሳሳይ መሻሻል እንዳሳዩ ዘግቧል፤ ዘርፉም ይህን ማጓጓዙ ጉዳት የለውም ለማለት ይጠቀምበታል። ይሁን እንጂ ከላይ እንደተባለው መጠይቁ የሚለካው ልጁ በተቋሙ ጥላ ሥር ሳለ የሚናገረውን ነው። ደግሞም ነገሩን ገልብጦ ማየት ይቻላል፤ በግድ የተወሰደው የተለየ ጥቅም ካላገኘ፣ ማስገደዱ ለምን አስፈለገ? ዊል ዶቡድና ኔቪን ሃርፐር የተባሉ፣ ራሳቸው በዚህ ሙያ የሠሩ ተመራማሪዎች በቅርብ ዓመታት የሚያነሡት ጥያቄ ይኸው ነው። የተፈጥሮን ጥቅም ሳይክዱ፣ ማስገደድ የሕክምናው አካል ሊሆን አይገባም ይላሉ።

በየካቲት 2024 መጀመሪያ በሰሜን ካሮላይና ሌክ ቶክሳዌይ በሚገኘው ትሬይልስ ካሮላይና በተባለ ካምፕ፣ ከኒው ዮርክ የመጣ የ12 ዓመት ልጅ በገባ በ24 ሰዓት ውስጥ ሞቶ ተገኘ። ልጁ የተኛው መውጣቱን በሚጠቁም መሣሪያ በተዘጋ አንድ ሰው ብቻ በሚይዝ የሸራ መኝታ ውስጥ ሲሆን፣ የአስከሬን ምርመራው የሞቱን መንስኤ መታፈን፣ ዓይነቱን ደግሞ በሰው ድርጊት የደረሰ ሞት ብሎ መዝግቦታል። ይህ አመዘጋገብ የመግደል ሐሳብ ነበር ማለት አይደለም። ክፍለ ግዛቱ በዚያው ዓመት በግንቦት የካምፑን ፈቃድ ሰረዘ። የዘርፉ ደጋፊዎች የጉዳት መዛግብት ከተለመደው የትምህርት ቤት ስፖርት ያነሰ አደጋ እንደሚያሳዩ ይናገራሉ፤ እንደ ቁጥር ይህ እውነት ሊሆን ይችላል። ሆኖም እግር ኳስ የሚጫወት ልጅ ሲያመው ከሜዳ ወጥቶ ለእናቱ መናገር ይችላል፤ በ1994ቱ ልጅ ላይ የሆነው የሚያሳየው የዱሩ ልጅ ሲያመው የሚያምነው ሰው ሊያጣ እንደሚችል ነው።

ከ2023 ጀምሮ ብዙ የታወቁ ድርጅቶች ተዘግተዋል። ለዚህም የአመልካቾች መቀነስ፣ ክሶችና የቀድሞ ታዳጊዎች ድምፅ መሰማት አስተዋጽኦ አድርገዋል፤ በዩታ አዳሪ ተቋም ስለደረሰባት በደል በ2020 በይፋ የተናገረችው የቴሌቪዥን ዝነኛዋ ፓሪስ ሂልተን ከእነዚህ በስፋት የምትታወቀው ናት። ዩታ በ2021 ቁጥጥሩን አጠበቀች። በታኅሣሥ 2024 ፕሬዚዳንት ጆ ባይደን የፈረሙበት የፌዴራል ሕግ ደግሞ የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚዎች በታዳጊዎች መኖሪያ ተቋማት ያለውን ሁኔታ እንዲያጠኑ ያዛል። አንድም ፕሮግራም አያግድም፤ የፌዴራል ፈቃድም አያቋቁምም።

ያለ ግዴታ መሥራት እንደሚቻል ለማየት ወደ ኖርዌይ መመልከት ይበቃል። በደቡባዊቱ የክርስቲያንሳንድ ከተማ የሚገኘው የመንግሥት ሆስፒታል ለታዳጊዎች የሚሰጠው የተፈጥሮ ውስጥ ሕክምና የተለመደው የተመላላሽ ሕክምና አካል ነው። ታዳጊው በራሱ ፈቃድ ይገባል፤ በሳምንቱ ውስጥ ከቡድኑ ጋር ወደ ጫካ ወጥቶ ማታ ቤቱ ይመለሳል፤ በመካከሉ አዳር ያላቸው ጥቂት ጉዞዎች አሉ፤ በማንኛውም ጊዜ ማቋረጥም ይችላል። ሐኪሞቹ የሆስፒታሉ ሐኪሞች ስለሆኑ ቤተሰቡ ዋጋ ብሎ የሚከፍለው ቤትን የሚያስይዝ ገንዘብ የለም። የዱሩን መልካም ጎን ይዞ በግድ መውሰዱን መተው እንደማይቻል የሚነገረውን ክርክር ይህ ሥራ በተግባር ያፈርሰዋል።

በአሜሪካ ያለ ወላጅ ደግሞ ከዱር በፊት ሊጠይቃቸው የሚገቡ፣ በጠንካራ ጥናት የተፈተኑ አማራጮች አሉ። ራሱን ለሚጎዳ ወይም ስለ መሞት ለሚያወራ ታዳጊ ዲያሌክቲካል የሚባለው የባሕርይ ሕክምና (በአጭሩ ዲ.ቢ.ቲ.) በ2018 በታተመና 173 ታዳጊዎችን በዕጣ በመደበ ጥናት ራስን የማጥፋት ሙከራን ከሌላ የድጋፍ ሕክምና በበለጠ ቀንሷል፤ ምንም እንኳ ልዩነቱ ከዓመት በኋላ ቢጠብም። በጠባይ ችግርና ከሕግ ጋር በመጋጨት ለተቸገሩት፣ ባለሙያው በየሳምንቱ ወደ ቤት እየመጣ ከወላጆች፣ ከትምህርት ቤቱና ከጓደኞቹ ጋር በአንድነት የሚሠራበት፣ ከሦስት እስከ አምስት ወር የሚቆይና ለአስቸኳይ ጉዳይ ቀንና ሌሊት ስልክ የሚያነሣ ኤም.ኤስ.ቲ. (መልቲሲስተሚክ ቴራፒ) የተባለ አገልግሎት አለ። ይህም ተአምር አይደለም። በእንግሊዝ 684 ቤተሰቦችን በዕጣ መድቦ በ2018 ውጤቱን ያሳወቀው ጥናት ከተለመደው አገልግሎት የተሻለ ሆኖ አላገኘውም። ይሁን እንጂ ይህን ለማወቅ የቻልነው ስለተፈተሸ ነው፤ የዱር ድርጅቶቹ እንዲህ ያለ ፈተና ውስጥ አልገቡም።

በአሜሪካ ለሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪ ቤተሰቦች አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ልጁ እንግሊዝኛውን አቀላጥፎ ሲናገር ወላጁ ደግሞ የሕክምና ቃላቱ ሲከብዱት፣ ልጁ በራሱ ችግር ላይ አስተርጓሚ ሆኖ ይገኛል። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎችና የአእምሮ ጤና ማዕከላት ግን የቋንቋ አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። ወላጁም «የአማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» ብሎ ቀጠሮ ሲይዝ መጠየቅ ይችላል፤ ልጁ እንዲያስተረጉም መገደድም የለበትም። ልጁ ስለ ሞት በሚያወራበት ሌሊት ደግሞ ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው 988 የተባለው ራስን ማጥፋትን የሚከላከል የአስቸኳይ ጊዜ የስልክ መስመር አለ።

ይህን ሁሉ ከሰማ በኋላ ወደ ዱር ፕሮግራም ያዘነበለ ወላጅ፣ ከድርጅቱ የማስታወቂያ ገጽ ይልቅ ፈቃድ የሚሰጠው የክፍለ ግዛቱ መሥሪያ ቤት በዚያ ድርጅት ላይ ያደረጋቸውን ቁጥጥሮችና የተመዘገቡ ቅሬታዎች መጠየቅ ይኖርበታል። የመረጠለትን አማካሪ ከዚያ ድርጅት ጋር ምን ዓይነት ጥቅም እንዳለው፣ ድርጅቱንም ባለሙያው በሳምንት ስንት ሰዓት ከልጁ ጋር እንደሚያሳልፍ፣ ሐኪም በስንት ደቂቃ እንደሚደርስ፣ ሌሊት ልጁ የሚተኛበት ነገር ከውጭ የሚዘጋ መሆን አለመሆኑን በጽሑፍ ያስመልስ። ከእነዚህ ሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ ግን ልጁ ሠራተኛ ሳይሰማው ከቤቱ ሰው ወይም ከውጭ ሐኪም ጋር በስልክ ሊነጋገር ይችላል ወይ የሚለው ነው። «ይህ ሕክምናውን ያበላሻል» የሚል መልስ ከተሰጠው፣ ቅድሚያ ክፍያውን ሳይፈጽም ቢመለስ ይሻለዋል።